የቆዳ መጋዘኑ ጎመን

ባለፈው ሳምንት ገመቺስ የሚባለው የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ በባጃጅ አስጭኖ መጥቶ ደጃፌ ላይ አወረደ። ዛሬ ስሙን ለዋወጡት እንጂ እኛ ድሮ ዳፕ ነበር የምንለው፤ ያው ፍሬ ፍሬ የሚለው ግራጫ ነገር ነው።

«ጋሼ ደምሴ፣ ድርሻዎ ደርሷል» አለኝ።

«ለበቆሎው ማሳ ከሆነ እሰየው። ከዚህ አጥር ወዲህ ግን አንዲት ፍሬ አትገባም።»

ልጁ ሳቀ። «ሰው ለዚህ ተሰልፎ ይጣላል፣ እርስዎ ደጅዎ ድረስ መጥቶልዎ ይመልሳሉ። ግትር ናቸው ሲሉኝ የሚያሙዎት ነበር የመሰለኝ።»

«አላሙኝም» አልኩት። «ቁጭ በልና ምክንያቱን ስማ።»

ቁጭ አለ። ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን ስልኩ ወሰደበት። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ አጻጻፌ ካላማረ አንባቢ ይታገሠኝ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ጢሜ ጥቁር፣ ወገቤ ቀጥ ያለ ግንበኛ ነበርኩ። ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ ከተደራጀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። መቱ ውስጥ አንድ የተዘጋ የቆዳ መጋዘን ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢውን ሸንሽኖ ሲሰጥ የዳሩ ዕጣ ለእኔ ወጣልኝ። ዛሬም የምኖረው እዚያው ነው። ከቡሬም ከኖፓም፣ ከየገበያው የተለቀመ የበሬና የፍየል ቆዳ ድሮ እዚህ ይከመር ነበር አሉ። የኛ አገር ዝናብ ይበዛል፤ ቆዳ ካልጠበቁት ይሸታል፣ ሲደርቅ ደግሞ ነቀዝ ይገባበታል። ለነቀዙ ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጠው፣ የሲሚንቶ ገንዳ ሞልተው፣ ቆዳውን እየነከሩ ያወጡት ነበር። ውሃው ሲቆሽሽ ወደ ጓሮ ይደፉታል። ዱቄቱ አርሴኒክ ነው። ያኔ ግን «የነቀዝ መድኃኒት» ነው የሚሉት፤ መድኃኒት የተባለ ነገር ማን ይፈራል?

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው መሬት ማግኘቴን ነው። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠራሁ፣ ከኋላው ጎመን ተከልኩ። ባለቤቴ ጫልቱ የኖፓ ልጅ ናት። ልጃችን ሜቲ እዚያው ተወለደች፤ ይህ ነገር ሲሆን ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፣ ጥርሷ ገና እየሞላ። ጫልቱ ጎመኑን አድቅቃ ከትፋ በአሬራ ትለውስላትና ልጅቷ ጣቷን እየላሰች ትጨርሰዋለች። ጠዋትም እሱ፣ ማታም እሱ ነበር ምግቧ። ሦስት ዓመት ከዚያ ጓሮ በላን።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ሸምሱ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ ከስልጤ የመጡ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በወጣትነታቸው በዚያ መጋዘን ቆዳ ቆጣሪ ሆነው ሠርተዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ገንዳው ያለበትን ቀሪ መሬት ሊሸነሽን ሲመጣ እሳቸው ሱቃቸውን ትተው ተሻግረው መጡና «እዚህ ላይስ ሰው አታስፍሩ» አሉ። «ስንት ገንዳ ሲደፋ ያየሁት እኔ ነኝ።»

እኔ አጥሬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። «ለእኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«የደፉት ገንዳው ጥግ ነዋ። ውሃ ቁልቁል ሄዶ አንተ ጓሮ ይገባል ብዬ መች አሰብኩ? ወላሂ፣ ጎመንህን እኔም እየበላሁ ነበር።»

እውነታቸውን ነው፤ በየሳምንቱ አንድ እስር እሰጣቸው ነበር።

ከዚያ ባለሙያ ተጠራች። ሌንሴ ትባላለች፣ የአፈር ተመራማሪ ናት፣ ቀጭን፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ቦቲ የምታደርግ። አፈር ከየቦታው ቆፍራ በከረጢት ይዛ ሄደች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መርዙ በገንዳው ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በእኔም ጓሮ እንዳለ፣ ያውም ብዙ እንደሆነ ተናገረች። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ወዲያው «እንግዲህ ይታጠራል፤ እናንተም ትነሳላችሁ» አለ። ወዴት እንደምንነሳ አልተናገረም። ጫልቱ ልጅቷን ከመሬት አንስታ አዘለቻት። ያን ቀን ከጀርባዋ አላወረደቻትም።

ሌንሴ ግን «ትንሽ ይቆየን» አለች። «አፈር ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ተክል አይሄድም። እኔ አፈሩን በኃይለኛ አሲድ አሟምቼ ነው ያለውን በሙሉ ያወጣሁት። ሥር አሲድ የለውም። ሥር የሚጠጣው አፈሩ ለውሃ የለቀቀውን ነው። ያ ምን ያህል እንደሆነ ገና አልለካሁም።»

እኔ አልገባኝም፤ ፊቴን ያየ ሁሉ ያውቀው ነበር። ጫልቱ ናት ቶሎ የገባት።

«እንዲህ በይኛ» አለቻት። «አጥንቱን ፈጭተሽ አየሽው። አሁን መረቁን ልትቀምሺ ነው።»

ሌንሴ ደብተሯን አውጥታ ያችን ነገር ጻፈቻት።

መረቁ የሚቀመሰው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው፣ አፈሩን ቀለል ያለ ጨው ባለው ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ለሰዓታት ማናወጥና ውሃውን አጥልሎ መላክ ነው። ለዚህ የሚሆን ጠርሙስ የሚያናውጥ ማሽን ይዛ መጥታለች፤ መብራት ግን የለም። አንድ ቀን ጠበቅን፣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ሦስተኛው ቀን ጫልቱ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ደረደረችና ቅርጫቱን ከማገሩ ላይ በገመድ አንጠለጠለችው። «ቅቤ እንደመናጥ ነው፣ ሌላ ምን አለው» አለች። እሷ ልጅ አዝላለች፤ ስለዚህ ናጩ እኔ ሆንኩ። በኛ አገር ወንድ ወተት አይንጥም። ጋሼ ሸምሱ በር ላይ ቆመው አዩኝ።

«ደምሴ፣ ቅቤው ሲወጣ ለእኔም ትንሽ አስቀምጥልኝ።»

«ይወጣል፣ ይጠብቁ» አልኳቸው፣ እያናወጥኩ።

ሁለተኛው መንገድ ጎመኑን ራሱን መጠየቅ ነው። ዐሥራ ሁለት የዘይት ጣሳ ሰበሰብን። አራቱ ውስጥ ከገንዳው አጠገብ የተቆፈረ አፈር፣ አራቱ ውስጥ የእኔ ጓሮ አፈር፣ አራቱ ውስጥ ደግሞ በሶር ፏፏቴ መንገድ ከጫካው ዳር የመጣ፣ መድኃኒት ነክቶት የማያውቅ ንጹሕ አፈር ሞላን። የገንዳውን በቀይ ክር፣ የእኔን በነጭ፣ የሶርን በጥቁር አሰርን። በየወገኑ ከአንድ እስከ አራት በምስማር አፋቸው ላይ ጫርኩ፤ አንደኛው አንድ ጭረት፣ አራተኛው አራት ጭረት። አንድ ዓይነት የጎመን ችግኝ ተተከለባቸው። ሌንሴ ደብተር ሰጠችኝ፣ ውሃ ባጠጣሁ ቁጥር አንድ መስመር እንዳሰምር።

«ውሃ ብቻ፣ አቶ ደምሴ» አለችኝ። «ፍግም ቢሆን፣ አመድም ቢሆን ሌላ ነገር የለም። ቢጫም ቢሆን፣ ቢቀጭጭም ይተዉት። እኔ የምፈልገው አፈሩ ብቻውን የሚለውን ነው።»

«ገብቶኛል» አልኳት። ገብቶኝም ነበር። ለጊዜው።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ከቀትር በኋላ እየመጣ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጣሳዎቹ ከዘቅዛቃው ጣሪያ ሥር በተርታ ቆመዋል። የሶሩ ጎመን ቅጠሉን ዘርግቶ ወዝ ይዞ ቆመ። የገንዳው ጎመን ጠወለገ። የእኔው መካከል ላይ ሆኖ ቀረ፤ አልሞተም፣ አላማረም፣ ቅጠሉ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ደግሞ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያያል። ጋሼ ሸምሱ አንድ ቀን ጎንበስ ብለው ነጭ ክር የታሰረበትን እየነኩ «ይኼ ያንተው ነው? የሶር ጫካ በለጠህ በለኛ» አሉኝ።

አንባቢ እንዲገባው ይህን ልበል። እኔ ግንበኛ ብሆንም የገበሬ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሊያየው የሚመጣ ጓሮ አይከሳም። አባቴ ሰው ይመጣል ሲባል ጎደሬውን እንኳ ቅጠሉን ያጥብ ነበር። ሌንሴ ልትመጣ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል፤ የእኔን አፈር ልትፈርድበት ነው የምትመጣው፤ እኔም ቀጫጫ ጎመን አስቀምጬ ልቀበላት ነው። ከሳ ማለት ታመመ ማለት ነው አልኩ በልቤ። ከወፈረ ደግሞ ደህና ነው ትላለች፣ ቤቴም ይተርፋል። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ከራሳቸው ከጋሼ ሸምሱ ሱቅ አንድ ጭልፋ ዳፕ ገዛሁ። ለበቆሎ ነው አልኳቸው። ከእኔዎቹ፣ ከነጭ ክሮቹ፣ ሁለት ጭረት ያለውን ጣሳ ሥሩን ጫር ጫር አድርጌ ግማሹን ሰጠሁት። ቀሪውን ለአራት ጭረቱ ሰጠሁት። ለአንድ ጭረቱና ለሦስት ጭረቱ አልበቃኝም፤ ነገ እጨምራለሁ ብዬ ነበር፣ በማግስቱ ግን ጫልቱ ጓሮውን ስትጠርግ ዋለችና አልተመቸኝም። በዚያው ቀረ። ደብተሩ ላይ የውሃ መስመሬን አሰመርኩ። ለዳፑ መስመር አላሰመርኩለትም።

አቤት ያ ጎመን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቱ ጣሳዎች ቅጠላቸው ጠቆረ፣ እንደ ዝሆን ጆሮ ተዘረጋ። ሌንሴ መጥታ ስታጭድ «ጎበዝ ናቸው» ስትል ልቤ ሞቀ። ቅጠሉን አጠበች፣ አደረቀች፣ በየወረቀቱ ምልክቱን ጽፋ አዲስ አበባ ወሰደችው።

የተመለሰችው ነሐሴ ላይ ነው። ውጤቱን እኛው ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነገረችን።

«የገንዳው ዙሪያ መጥፎ ነው፤ እሱን አውቀነዋል። የእናንተ ግን ግራ አጋብቶኛል። የተናወጠው ውሃ ውስጥ የወጣው ትንሽ ነው። አፈራችሁ ቀይ ነው፣ ብረት አለበት፤ መርዙን ጨብጦ ይይዘዋል። ጎመኑ ግን አልተስማማም። ከአራቱ ሁለቱ ንጹሕ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ከሶር ብዙም አይርቁም። ሁለቱ ደግሞ ሰው ሊበላው የማይገባ ሆነው ወጡ። አንድ አፈር፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ጣሪያ።» ወደ እኔ ዞረች። «የጨመሩት ነገር አለ?»

ጫልቱ አየችኝ። ሜቲ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ የሸሚዜን ቁልፍ ትጎትታለች።

«ውሃ ብቻ» አልኩ።

ምላሴን የያዘው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱ ክፉ የሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከጠየቅኩ ይታወቅብኛል።

ሌንሴ ደብተሯን ዘጋች። «እንግዲያው ምክንያቱን ካላወቅኩ ክፉውን ነው የምጽፈው። ልጅ ያለበት ቤት ነው፤ በጥርጣሬ ደህና ነው ብዬ አልፈርምም። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

እሷ ከወጣች በኋላ ጫልቱ አላለቀሰችም፣ አልተጣላችኝም። የልጅቷን ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። «እኔ ኖፓ እናቴ ቤት እሄዳለሁ» አለች። «ሁለት ዓመት በእጄ ነው ያጎረስኳት። አንተ ቤቱን ጠብቅ።»

ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ያካፋል። አውቶብሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል፤ ረዳቱ አዲሳባ፣ አዲሳባ እያለ በሩን ይደበድባል። ሌንሴ በሩ አጠገብ ካለው መስኮት ሥር ተቀምጣለች። መስኮቱን አንኳኳሁ።

«ሁለት ጭረትና አራት ጭረት» አልኳት።

«ምን አሉ?»

«ክፉዎቹ ሁለት ጭረትና አራት ጭረት ያለባቸው ናቸው? ነጩ ክር።»

ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሯን አወጣች። ገለጠች። ጣቷን አስኬደች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ለማንም አልተናገርኩም። እንዴት አወቁ?»

«ዳፕ ያደረግኩባቸው እነሱን ስለሆነ ነው።»

ተነስታ ሰው እየገፋች ወረደች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ ብትሰድበኝም ይገባኝ ነበር። «ሁለት ወር፣ አቶ ደምሴ» ብቻ አለችኝ። «ሁለት ወር ሙሉ።» ቀጥላ ግን እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ያልለየሁትን ድምፅ አወጣች። «ይህን አውቶብስ ያዩታል? ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። የተቀመጠው ሰው ተቀምጧል፣ ማንንም አያስቸግርም። መርዙ በቀይ አፈሩ ላይ እንደዚያ ነው የተቀመጠው። ዳፕ ሲገባ እሱኑ ወንበር ነው የሚፈልገው። ጉልበተኛ ነው፣ ያስነሳዋል። የተነሳው የት ይሄዳል?»

ረዳቱ ይሰማ ነበር። «በሩ ላይ ይቆማላ» አለ።

«አዎ» አለች ሌንሴ። «በሩ ደግሞ የጎመኑ ሥር ነው።»

ሻንጣዋ ከአውቶብሱ ጣሪያ ወረደ። ረዳቱ እኔ ላይ አጉረመረመ እንጂ እሷን ምንም አላለም። በእኔ ጓሮ አፈር እንደገና ሊሞከር ሆነ፤ ሦስት ጣሳ ያለ ዳፕ፣ ሦስት ጣሳ ከዳፕ ጋር፣ ዳፑን በማንኪያ ለክታ ያደረገችው ራሷ። እኔ ውሃ አጠጣሁ፣ መስመር አሰመርኩ፤ ሲደርስ መጥታ አጭዳ ወሰደችው። ጫልቱ ልጅቷን ይዛ ኖፓ ሄዳለች። ቤቱ ጭር አለ። ከጓሮው የምበላው የለኝም፤ ጋሼ ሸምሱ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እያመጡልኝ አብረን በረንዳ ላይ እንግጣለን። ለበቆሎ ብዬ ከእሳቸው የገዛሁት ዳፕ የት እንደገባ ሰምተዋል።

«አፈሩን መርዝ ያደረግነው እኛው ነበርን» አሉ አንድ ቀን፣ ቆረቆንዳውን እየወረወሩ። «አንተ ደግሞ ቀሰቀስከው።»

«እርስዎ ነዎት የሸጡልኝ።»

«ወተት ናጭ መሆንህን እያወቅኩ መሸጥ አልነበረብኝም።»

ደብዳቤው የደረሰኝ ኅዳር ላይ ነው፣ ቡና ሲለቀም። ሌንሴ በእጇ ነው የጻፈችው፤ ደቃቅና የተያያዘ ጽሕፈት። እኔ የማነበው ለየብቻው የቆመ ፊደል ነው። «ጎመን» የሚለውን አገኘሁት። «ዳፕ» የሚለውን አገኘሁት። በመካከላቸው ያለው ጠፋኝ። ጋሼ ሸምሱ «ላንብብልህ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እምቢ አልኩ። ክፉም ከሆነ ደግም ከሆነ ቀድማ መስማት ያለባት ጫልቱ ናት እንጂ ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው አልነበረም።

በቡና ጫኝ መኪና ላይ ሆኜ ወደ ኖፓ ወጣሁ፤ ከኋላ፣ ባዶ ከረጢት ላይ። መኪናው ከቆመበት ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ዳርና ዳሩ ቀይ የቡና ፍሬ ነው፣ አስጥተውታል፣ አየሩ የሚጣፍጥ የፍሬ ልጣጭ ይሸታል። እኔ ግን ደረት ኪሴን እየዳበስኩ ነበር። እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ስንት ጊዜ አውጥቼ በመካከል ያለውን ቃል ለመልቀም ሞከርኩ።

ጫልቱ ቡና ስትለቅም አገኘኋት። ቅርጫቷን ሳታወርድ ወረቀቱን ተቀበለች። እሷ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ በልቧ አነበበች፤ አንድ ጊዜ ጨረሰች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ማሎ፣ ጮክ በይ» አልኳት። በራሷ ቋንቋ ነው የለመንኳት።

«ዳፕ ያልነካቸው ሦስቱም ንጹሕ ናቸው ትላለች። ከሶሩ አይለዩም። ዳፕ የነካቸው ሦስቱም ክፉ ናቸው። ቤታችሁ ኑሩ ትላለች። ጓሮው ላይ ዳፕ እንዳይደርስ፣ ቅጠሉ አቧራው እስኪለቅ እንዲታጠብ፣ ውሃ በሚተኛበት ቦይ ጎደሬ እንዳይተከል። የገንዳው ጥግ ይታጠር።» ቀና አለች። «ሜቲ የበላችው ዳፕ አይቶ አያውቅም።»

«አያውቅም» አልኩ። እውነት ነበር። ድሃ ስለሆንኩ ለጓሮ ማዳበሪያ ገዝቼ አላውቅም።

ቅርጫቱን አወረደች፣ ቡናው መሐል ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሜቲ ከአያቷ ዘንድ እየሮጠች መጣች፣ አፏ በቡና ፍሬ ቀልቶ። ያን ቀን አማቴ ቅቅል ጎደሬ አቀረቡልኝ፤ ስንት እንደበላሁ ዛሬም ያሙኛል።

ይኸው ነው። ገንዳው ታጠረ፣ አሁን ሣር ውጦታል። ጋሼ ሸምሱ እስኪሞቱ ድረስ የሳምንት እስራቸውን ወስደዋል። እኔም ሽማግሌ ሆንኩ። ሰው ግትር ይለኛል፣ ነኝም፤ ግን በሕይወቴ ያዳነችኝ ግትርነቴ የተሸነፈባት አንዲት ጠዋት ናት፤ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ በመስኮት ሁለት ጭረት ማለቴ። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ የሚባረረው መርዙ አልነበረም፣ እኛ ነበርን።

ገመቺስ ከስልኩ ሲመለስ «እና ጎመኑን ይበሉታል?» አለኝ። አንድ እስር ቆርጬ ሰጠሁት። ከሰውነቱ አርቆ ያዘው፣ እንደ እባብ። ማዳበሪያውን ግን ራሱ ተሸክሞ በቆሎው ማሳ ድረስ አደረሰልኝ። በማግስቱ መጣና «እናቴ ሌላ ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቅ አለችኝ» አለ።

ሜቲ ቡሬ ታስተምራለች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስትመጣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጓሮ ትገባና ለጋውን ቀንበጥ ሰብራ ወደ አፏ ትወስዳለች። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ «እጠቢው» እላታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ገና እላታለሁ። እኔ ሳልኖር እንዲህ የሚላት ይህ የጻፍኩት ወረቀት ነው።